ጭስና ጉልበት

እሳት እንዴት እንደሚነድ ለማወቅ ቴርሞዳይናሚክስ መማር ግድ አይደለም። ማድቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እንጨቱን ጉልቻው ሥር እየጠቀጠቀ እፍ የማይል ልጅ ዓይኑ በእንባ ይሞላል እንጂ ድስቱ አይፈላለትም። እንጨት ሳይጨምር እፍ እፍ ሲል የሚውል ደግሞ አመዱን በትኖ፣ ፊቱን አመድ አልብሶ፣ በመጨረሻም ከእናቱ አንድ ኩርኩም ተቀብሎ ይወጣል። እንጨትና ትንፋሽ መመጣጠን አለባቸው። ነገሩ ይኸው ነው። እኛ አምስት ኪሎ ግቢ ገብተን ሦስት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛና በግሪክ ፊደል ስንጽፍ የከረምነው ሁሉ ተጨምቆ ሲወጣ ከዚህ የማድቤት ሕግ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ፣ ድስቱ ሳይፈላ ቢቀር ራት ይዘገያል፤ ሞተር ውስጥ ሚዛኑ ሲዛባ ግን የሚቀልጥ ብረት አለ። ከብረቱም ኋላ በዚያ ብረት የሚተዳደር ቤት አለ።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ገጽ ላይ ግጥም የጠበቃችሁ ይቅር በሉን። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ናፍጣ ነው።

"እኛ" የምንለው አራት ነን፤ ሦስታችን የሜካኒካል፣ አንዳችን የኤሌክትሪካል ተማሪ። አምስተኛዋ መኪና ናት። ላንድክሩዘር፣ 80 የሚባለው ዓይነት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣው ትውልድ። ሞተሯ ዋን ኤች ዲ ቲ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ ራስ ላይ የሚረጭ፣ ቱርቦ ያለው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የላትም። ናፍጣ የሚመጥነው ፓምፕ ከላይ እስከ ታች ስፕሪንግ፣ ብሎንና ዲያፍራም ነው። ለዚህ ነው የምንወዳት፤ የምታስበውን ሁሉ በመፍቻ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ለዚሁም ነው የምታሳስበን፤ ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ሐሳቧን መለወጥ ይችላል።

መኪናዋ የአንዱ ጓደኛችን አባት ናት። ጋሼ እንላቸዋለን። ሰዎችን ወደ ጅማና ወደ ቦንጋ እያመላለሱ በኪራይ ይተዳደራሉ። ከዚያች መኪና ኪራይ የስድስት ሰው እንጀራ፣ የሁለት ታናናሽ እህቶች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጓደኛችንም እዚህ ግቢ የሚይዛት የኪስ ገንዘብ ይወጣል። ታዲያ አምና ክረምት ሲወጣ መኪናዋ ዳገት ላይ መለገም ጀመረች። ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ በሚያወጣው ዳገት ሚኒባስ ሳይቀር እየቀደማት ሲሄድ፣ ደንበኛ የነበሩ ሁለት ሰዎች "ጋሼ፣ መኪናዎ አርጅታለች" ብለው ሌላ ተከራዩ። ጋሼም አንድ ጋራዥ ወሰዷት። እዚያ ያለው ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ፣ "ናፍጣ ጨመርኩላት፣ አሁን አንበሳ ናት" አላቸው። እውነትም ለሁለት ሳምንት አንበሳ ሆነች። ኋላዋ ላይ ግን ቀኑ ይጨልም ጀመር። ዳገት ስትወጣ የጭሷ ጥቁረት ከኋላ ያለውን መኪና መብራት ያስበራ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የውሃው ሙቀት መርፌ ከወትሮው ቦታ ከፍ ማለት ያዘ።

ጋሼ ወደኛ የመጡት ያን ጊዜ ነው። የመጡትም ጭሱን ቀንሱልኝ ብለው አልነበረም። "ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ትንሽ ጉልበት ብቻ ጨምሩላት" ነው ያሉን።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በባሕር ዳርቻ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ሲሆን እዚህ 76 ወይም 77 ነው። በሌላ አነጋገር፣ እዚህ ያለ ሞተር ገና ሲነሣ ሩብ ያህል ትንፋሹ ጎድሎበት ነው የሚነሣው። ቱርቦ የሌላቸው መኪናዎች ከቆላ ሲመጡ እንጦጦ ላይ የሚያለከልኩት ለዚህ ነው። ቱርቦ ደግሞ የተፈለገው ለእንዲህ ያለ አገር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 ያስመዘገበው የስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ፣ 4,300 ሜትር ከፍታ ያለውን ፓይክስ ፒክ የተባለ ተራራ ወጣ። ታች 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ተራራው ጫፍ ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ጭስ ማውጫ ሲያባክነው የነበረውን ኃይል ወስዶ ለሞተሩ "እፍ" አለለት ማለት ነው።

ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጓደኛችን ስለ ቤንዚን ቱርቦዎች ያነበበ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ለገበያ ስለቀረበችው ሳዓብ 99 ቱርቦ ሌሊቱን ሙሉ ቢያወራ አይደክመውም። እሱም "ናፍጣ መጨመር ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያሞቀውም" ብሎ ድርቅ አለ። ስለ ቤንዚን ከሆነ እውነቱን ነው። በቤንዚን ሞተር አየርና ቤንዚን በክብደት 14.7 ለ1 ሲሆኑ ሁሉም ተሟጦ ይነዳል። ቱርቦው ሲነፋ ግን ሆን ተብሎ ቤንዚን ይጨመርና ወደ 12 ለ1 ይወርዳል። ትርፉ ቤንዚን ሙቀት እየጠጣ ሲተን ሲሊንደሩን ያበርዳል፤ ድብልቁም ካንዴላው ሳያዘው በራሱ እንዳይፈነዳ ይረዳል። እዚያ አገር አስፈሪው የነዳጅ ማነስ ነው።

ናፍጣ ግን ሌላ ሃይማኖት ነው። የናፍጣ ሞተር አየሩን አይቆጥብም፤ ባገኘው ሁሉ ሳንባውን ሞልቶ ይተነፍሳል። ፔዳሉ የሚያዘው ናፍጣውን ብቻ ነው። ሥራ ፈትቶ ሲቆም ከ60 እጅ በላይ አየር ለአንድ እጅ ናፍጣ ሊኖር ይችላል፤ በሙሉ ጉልበት ሲወጣ ወደ 20 ይቀርባል። ከ18 ወዲህ ሲወርድ ናፍጣው ከአየሩ ጋር ለመገናኘት ጊዜ ያጥረውና ግማሽ መንገድ ተቃጥሎ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። አየሩ እስካለ ድረስ የተጨመረ ናፍጣ ሁሉ የተጨመረ ሙቀት ነው። ስለዚህ የቤንዚኑ ሰው "ጨምርና አቀዝቅዝ" ሲል፣ የናፍጣው ሰው "ጨምርና አቅልጥ" ሊል ይገባዋል። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ሳዓቡን ይዞ ተኛ።

ሥራውን የጀመርነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋሼ "ብሎኗ የት እንዳለች ላሳያችሁ" ሲሉን፣ "የለም ጋሼ፣ ብሎኗ መጨረሻ ነው የምትነካው" አልናቸው። በመጀመሪያ የሚታየው አየሩ ነው፤ ስንት እንደሚገባ ሳይታወቅ ናፍጣ መመጠን የእንግዳውን ቁጥር ሳያውቁ ሊጥ እንደ ማብኳት ነው። ፊልትሮውን አወጣነው፤ የከረመ አቧራ ነበረበት፣ ግን እንደፈራነው አልታፈነም። ቀጥሎ ሁለት መለኪያ አስገባን። አንዱ የቱርቦውን ግፊት የሚያሳይ ጌጅ ነው። ሌላው ጭሱ ወደ ተርባይኑ ከመግባቱ በፊት ሙቀቱን የሚለካ ቴርሞካፕል ነው፤ ገመዱን የኤሌክትሪካሉ ጓደኛችን አበጀው። ቀዳዳውን ለመብሳት ማኒፎልዱን ራሱን ፈታነው። ይህ ግማሽ ቀን ወሰደብን። ባለበት ብንበሳው ግን የብረቱ ፍቅፋቂ በዚያ ፍጥነት ወደሚሽከረከረው ተርባይን ይገባ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ!

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን። እዚያ የመረጥነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ3,000 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት ወደ 70 ኪሎፓስካል ይወርዳል፤ ከአዲስ አበባ ዙሪያ እንደዚያ ትንፋሽ የሚያጥርበት መንገድ የለም። እዚያ ላይ ጭሷ ንጹሕ የሆነ መኪና፣ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ጊቤ ድልድይ አየር ይተርፋታል እንጂ አያንሳትም። ቆላ ላይ የተስተካከለች መኪና ግን ደጋ ስትወጣ ታጨሳለች። ስለዚህ ሚዛን የሚያዘው በክፉው ቦታ ነው።

ፔዳሉ እስከ ወለል ተረግጦ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለት ደቂቃ። ግፊቱ 0.3 ባር፤ የጭሱ ሙቀት 770 ዲግሪና ገና እየወጣ። ጋሼን እግራቸውን እንዲያነሡ ለመንናቸው። በእንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ከ700 ብዙ ዘልቆ ረጅም ዳገት መውጣት ዕዳ ነው። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። እስካሁን ያልቀለጠው ከሥር ዘይት እየተረጨበት፣ ዳር ዳሩን ውሃ ስለሚያቀዘቅዘው ብቻ ነው። የውሃው መርፌ ከፍ ከፍ ማለቱ ምክንያቱ ይኸው ነበር፤ ጤነኛው ራዲያተር የማያውቀውን ዕዳ እየከፈለ ነበር።

ግን 0.3 ለምን? ቱርቦው ቢያንስ 0.6 አካባቢ መስጠት ነበረበት። ኮፈኑን ከፍተን አንዱ ሲያስጓራ ሌላው በእጁ ሲዳስስ፣ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ከሥሩ፣ ዓይን በማያየው በኩል፣ ተሰንጥቆ አየር ሲያፏጭ ተገኘ። አንድ ጣት የማይሞላ ስንጥቅ! እንግዲህ የነገሩ ሰንሰለት ግልጽ ሆነ። ቱቦው ተሰነጠቀ፤ አየር ጎደለ፤ መኪናዋ ለገመች። ጋራዡ የጎደለው ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያልጎደለውን ጨመረ። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ምግብ እንደማጉረስ።

ቱቦውን ቀየርን፤ ዋጋው ከአንድ ጋን ናፍጣ እንኳ አይደርስም። ግፊቱ ወዲያው ወደ 0.6 ተመለሰ። ሙቀቱ ግን 760 ላይ ቀረ። ይህ በመጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ አየር ከጨመርን ለምን አልቀዘቀዘም? ምክንያቱ ፓምፑ ራስ ላይ ያለችው ቆብ መሰል ዕቃ ናት። ውስጧ ዲያፍራም አለ፤ የቱርቦውን ግፊት በቀጭን ቱቦ እየቀመሰች፣ አየር ሲበዛ ናፍጣም እንዲበዛ ታዛለች። ቱቦው ተሰንጥቆ ሳለ የምትቀምሰው ስላልነበራት ዝም ብላ ነበር። አየሩ ሲመለስ እሷም ነቃች፤ ጋራዡ በጨመረው ላይ የራሷን ጨመረች። አሁን በእርግጥ የብሎኗ ተራ ደረሰ።

ከፓምፑ ኋላ ያለችው የሙሉ ጭነት ብሎን ከፋብሪካ ስትወጣ ማንም እንዳይነካት ታሽጋ ነው። ማኅተሟ ተሰብሮ አገኘነው። ወደ ውስጥ ስትጠብቅ ናፍጣ ትጨምራለች፤ ወደ ውጭ ስትላላ ትቀንሳለች። በአንድ ጊዜ የአንድ ዙር ስምንተኛ ብቻ እንድንፈታ ተስማማን። ፈትተን እንጦጦ መውጣት፣ መጻፍ፣ መውረድ፤ ደግሞ ስምንተኛ፤ ደግሞ እንጦጦ። 760፣ 735፣ 710፣ 690፣ 675፣ 660። በአምስተኛው ፈታ ላይ ከኋላ የሚወጣው ጭስ እንደ ቡና ቁላ ጭስ ሳስቶ፣ ማርሽ ሲቀየር ብቻ ብልጭ የሚል ሆነ። ደግሞም ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቆም ዙሩ ወርዶ መንቀጥቀጥ አመጣ፤ ይህን ጠብቀነው ነበር። የዚህ ዓይነት ፓምፕ ብሎኗ ሲጠብቅ የመቆሚያ ዙሩም ከፍ ይላል፤ ያ ጋራዥ ይህን ለመደበቅ ሌላኛዋን ብሎን አላልቷት ኖሯል። እሷንም ወደ ቦታዋ መለስናት።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ የምር ነበር። "ጭሱን ቀነስን፤ ጋሼ የጠየቁት ግን ጉልበት ነው። ለምን ግፊቱን አንጨምርም?" አለ ከመካከላችን አንዱ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ባሕር ዳርቻ 0.6 ሲል በጠቅላላው 1.6 ባር ነው፤ አዲስ አበባ ግን 0.77 ላይ ሲደመር 1.37 ብቻ። ጌጁ ላይ 0.85 ብናደርገው የባሕር ዳርቻውን ያህል እናገኛለን። የጥርስ ብሩሽ በቡና ስኒ አጠገብ በተደረደረበት የዶርም ጠረጴዛ ላይ ሒሳቡን ሠራነው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። የቱርቦው ብቃት 70 በመቶ ነው ብንል፣ በ20 ዲግሪ የገባ አየር በ0.6 ሲጨመቅ 95 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል፤ በ0.85 ደግሞ 119 ይደርሳል። የሞቀ አየር ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ግፊቱ 18 በመቶ ሲያድግ፣ በእውነት ሲሊንደር የሚገባው አየር የሚያድገው 11 በመቶ ብቻ ነው። ይህች መኪና ደግሞ አየሩን የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ከፋብሪካ አልተሰጣትም። ለ11 በመቶው የሚከፍለው ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቱርቦ ነው፤ ደጋ ላይ ለተመሳሳይ ግፊት እንኳ ከቆላው ይልቅ በፍጥነት መዞር ግዴታው ሆኖ ሳለ። የሞተሩ የታችኛው ኩሽኔትም አለ፤ የዚህ ሞተር የመጀመሪያዎቹ ምርቶች በዚያ በኩል ደካማ መሆናቸውን ያሽከረከረ ሁሉ ያውቃል።

ድምፅ ሰጠን። ሦስት ለአንድ፤ ግፊቱ ባለበት ይቆይ ተባለ። የተሸነፈውም ጓደኛችን እስከ ዛሬ ይከራከረናል፤ ኢንተርኩለር ቢገጠም ትክክል ሊሆን እንደሚችል እኛም አንክድም።

ለጋሼ መንገር ግን ከሒሳቡ ከበደ። መኪናዋን ነድተው ተመለሱና ከወንበሩ ሳይወርዱ፣ "ታዲያ ጉልበቷን ወሰዳችሁብኝ?" አሉን። እውነት ነው፤ በሁለቱ የአንበሳነት ሳምንታት ከነበራት ጉልበት ትንሽ ወስደናል። ልጃቸው ነው የመለሰላቸው። "አባባ፣ ያ ጉልበት ያንተ አልነበረም። ከሞተሩ ዕድሜ የተበደርከው ነው" አላቸው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ብድር ምን እንደሆነ ከኛ ይልቅ ያውቃሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ደግሞ ይህች ሞተር ብትሞት፣ "ሌላ እገዛለሁ" የሚባል ተረት የለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ናፍጣም እንደዚያው ነው።

በማግሥቱ ጅማ ሄዱ። ከጊቤ ሲደውሉ ሁላችንም ስልኩን ከበብነው። "መሃል ዳገት ሳልቆም፣ ውሃ ሳልጨምር አበልቲ ገባሁ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ሚኒባሷ ግን ቀድማኛለች" አሉና ሳቁ። ከጠፉት ሁለት ደንበኞች አንዱ ተመልሷል። ሌላው አልተመለሰም፤ ፈጣን መኪና ለምዷል። የእህቶቹ የዚህ መንፈቅ ክፍያ ተከፍሏል። የሚቀጥለውን እናያለን።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። ያን ሁሉ ጊዜ እንጦጦ ስንወጣና ስንወርድ፣ በመንገዱ ዳር እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ነበሩ። ጀርባቸው በሸክሙ ስለተጎበጠ ፊታቸው የሚውለው ልክ በጭስ ማውጫው ቁመት ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ገና 770 ላይ ሳለን፣ አንዷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስክናልፍ ቆመው ጠበቁን። እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ መመደቡን በክፍል ተምረናል። እኚያ እናት ግን ማንም ሳያስተምራቸው ነጠላቸውን ሳቡ። ጋራዡ ለጋሼ የሸጠላቸውን ጉልበት ዋጋ በከፊል የከፈሉት እሳቸው ነበሩ፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ጥቁር ጭስ ተቃጥሎ ያልተጠቀምንበት፣ በገንዘባችን የገዛነው ናፍጣ ነው፤ ሰውም ይተነፍሰዋል። የከተማችን ዳገቶች ላይ ቦሎ ለጥፈው ሰማይ የሚያጠቁሩትን ስናይ፣ ከእነሱ ስንቱ ሞተር ሳይሆን ቱቦ እንደ ተሰነጠቀበት እናስባለን።

ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ በየሰፈራችሁ "ትንሽ ጉልበት ብቻ" የሚል ጋሼ አይጠፋም። ሲመጣላችሁ ከካቻቢቴው በፊት እጃችሁን ቱቦው ሥር ስደዱ። ጌጅ ሳትገጥሙ ብሎን አትንኩ። ብትነኩም በስምንተኛ ስምንተኛ፣ በክፉው ዳገት ላይ እየፈተሻችሁ ይሁን። የጋሼን ብሎን እኛ ከያዘችበት ቦታ ላይ ከነጭ የጥፍር ቀለም ትንሽ ጠብ አድርገንባታል። ቀለሙን ያዋጣችው ታናሽ እህቱ ናት። ጋሼ ከጉዞ በተመለሱ ቁጥር ኮፈኑን ከፍታ ታየዋለች፤ ቀለሙ የተሰነጠቀ ዕለት ማን እንደነካው የምትጠይቀው እሷ ናት።